ያለ ዲግሪ ፕሮግራመር መሆን፤ ምስክሩ ማን ነው?

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ያላገኙ ወጣቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ። «በራሴ ጥረት የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ብማር፣ ዲግሪ ሳይኖረኝ ሥራ አገኛለሁን?» ይላሉ። ጥያቄው ከእንጅባራም ከዳንግላም ይመጣል፤ አንዳንዴም ስልክ ብቻ እንጂ ኮምፒዩተር ከሌለው ወጣት ይመጣል።

ይህ የጥቂት ሰዎች ጥያቄ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። በማካካሻው መርሐ ግብር፣ ሪሜዲያል በሚባለው፣ የሚገቡት ቢጨመሩም እንኳ እጅግ የሚበዛው ወጣት ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ያለ ዲግሪ ሙያ የሚገኝበትን መንገድ ማሰብ ከብዙኃኑ ጋር መነጋገር ነው።

የእኛ መልስ «አዎን፣ ይቻላል» የሚል ነው። ነገር ግን መንገዱ ብዙ ጊዜ ከሚነገረው የተለየ ነው ብለን እናምናለን። ብዙ ጊዜ የሚነገረው፣ ጥቂት ኮርሶችን ጨርሶ የምስክር ወረቀት መሰብሰብ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የድረ ገጽ ፕሮግራምን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራን፣ የመረጃ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረት በነፃ የሚያስተምር ነው። መማሩ መልካም ነው፤ የሚችል ሁሉ ይማርበት። ሆኖም ሚሊዮኖች አንድ ዓይነት ወረቀት ሲይዙ ወረቀቱ አንዱን ከሌላው አይለይም። ቀጣሪው ወረቀቱን አይቶ የሚያውቀው ኮርሱ መጠናቀቁን ብቻ ነው።

ለመሆኑ ዲግሪ ምን ይሠራል? ዕውቀት ይሰጣል፤ ይህን አንክድም። ዕውቀት ግን ከመጽሐፍም ይገኛል። ዲግሪ ከዚያ በተጨማሪ የሚሠራው ለማያውቅህ ሰው ስለ አንተ መመስከር ነው። «ይህን ሰው ለአራት ዓመት አይተነዋል፤ ፈትነነዋል» ይላል። በራሱ የተማረ ወጣት የሚጎድለው በአብዛኛው ይህ ምስክርነት ነው። ፕሮግራም ለመጻፍ ራሱ የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲግሪ ግዴታ እንዳልሆነ እኛ የፊዚክስ ሰዎች ጥሩ ማስረጃ ነን፤ ለምርምራችን የሚያስፈልገንን ፕሮግራም አብዛኞቻችን የተማርነው ከሥራው ጋር እየታገልን ነው። የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደከሙት ፋና ወጊዎች አንዱ የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላም በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው።

ምስክርነት ያለ ዲግሪ እንዴት እንደሚገኝ ለማየት ከራሳችን የትምህርት ዘርፍ አንድ ታሪክ እንጥቀስ። ማይክል ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ በሙያ ተማሪነት ገባ፤ የሚጠርዛቸውንም መጻሕፍት ያነብ ነበር። በ1812 እ.ኤ.አ. አንድ ደንበኛ መግቢያ ትኬት ሰጥቶት የታዋቂውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርታዊ ንግግሮች ተከታተለ። የሰማውን በጥንቃቄ ጽፎ፣ ሥዕሎቹንም ስሎ፣ ወደ 300 ገጽ የሚጠጋውን ማስታወሻ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። ዴቪ በትሕትና ተቀበለው፤ ይሁን እንጂ ክፍት ቦታ ስላልነበረው መጽሐፍ ጥረዛውን እንዳይተው መከረው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የቤተ ሙከራው ረዳት በጠብ ምክንያት ሲባረር ዴቪ ያን ጥራዝ የላከለትን ወጣት አስታወሰ፤ በመጋቢት 1813 እ.ኤ.አ. ፋራዴይ ተቀጠረ። መግነጢስ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ያሳየበት ግኝት የመጣው ከዚያ 18 ዓመት ቆይቶ ነው።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በትጋቱ ይደነቃሉ። እኛ ግን ጥራዙ ላይ ማተኮር እንወዳለን። ፋራዴይ «ኬሚስትሪ እወዳለሁ» የሚል ማመልከቻ ብቻ አላቀረበም። ያለቀ ሥራ አቀረበ፤ ያቀረበውም ሥራውን መመዘን ለሚችል ሰው ነበር። ዕድልም እንደረዳው መካድ አይገባም፤ ያ ረዳት ባይጣላ ኖሮ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ይሆናል።

ምሳሌ ፍለጋ እስከ ለንደን መሄድ ላያስፈልግም ይችላል። የጎጃም የቅኔ ጉባኤዎች፣ እነ ዋሸራና ጎንጅ፣ ለዘመናት ያፈሯቸው ሊቃውንት ብቃታቸው የታወቀው በወረቀት አልነበረም። ተማሪው ቅኔውን ይቆጥራል፤ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ መንገር አይቻልም። ትምህርቱ የሚጀመረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ነገር ግን ሙሉ ቅኔ ናት። ጀማሪ የፕሮግራም ተማሪም ታላቅ ሥራ ጀምሮ ከመተው ትንሽ ነገር ቢጨርስ ይሻለዋል። በቅኔ ቤት ደግሞ ብቻውን የተማረ ሰው የለም። «በራሱ የተማረ» የሚለው አነጋገር ራሱ አሳሳች ነው፤ ስሕተቱን የሚነግረው ሰው ያላገኘ ተማሪ ለዓመታት ያንኑ ስሕተት ሲያጠና ሊኖር ይችላል።

እንግዲህ በዳንግላ የሚኖር አንድ ወጣት ምን ሠርቶ ያሳይ? ብዙ ጀማሪዎች ከትምህርት ቪዲዮ የተቀዳ ማስያ ወይም የውጭ አገር የአየር ሁኔታ የሚያሳይ ገጽ ይሠራሉ። ያንኑ በዓለም ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌለው ተማሪ ሠርቶታል። እኛ የምንመክረው በአቅራቢያው ያለን የአንድ ሱቅ የዱቤ መዝገብ እንዲሠራ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ እስቲ ጠጋ ብለን እንየው።

ባለሱቁ ሐምሌ 15 ቀን ዕቃ በዱቤ ሰጠ እንበል፤ የመክፈያው ጊዜ 60 ቀን ነው። ሁለት ወር ቆጥሮ «መስከረም 15» የሚል ፕሮግራም ጳጉሜንን ረስቷል። ትክክለኛው ቀን መስከረም 10 ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን መስከረም 9 ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍበት ዘመን የሉቃስ ነው፤ 2015 እንዲህ ነበር፤ 2019ም እንዲሁ ነው። ጳጉሜንን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ የጻፈ ሰው ስሕተቱ የሚገለጥበት በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ እንዲህ ያለው ስሕተት ከሁሉ ይከፋል። ከፕሮግራም ቋንቋዎቹ ጋር ተዘጋጅተው የሚመጡት የቀን ማስያዎች አብዛኞቹ የተሠሩት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነውና ወጣቱ ሒሳቡን ራሱ መሥራት ይኖርበታል።

ከዚያ ስሙ ይመጣል። ባለሱቁ «ኃይሉ» ብሎ የመዘገበውን ደንበኛ ረዳቱ «ሀይሉ» ብሎ ቢፈልገው ኮምፒዩተሩ «የለም» ይላል፤ ለማሽኑ ኃ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት ባለዕዳዎች ሲመጡ ደግሞ የአያት ስም ወይም የስልክ ቁጥር መጨመር ግድ ይሆናል። መብራት በምዝገባው መካከል ሲጠፋ ግማሹ የተጻፈ ሒሳብ ምን ይሁን? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣው ባለሱቁ ነው፤ ገንዘቡ ነውና አይምርም። አንድ ሱቅ ለአንድ ዓመት ሳያቋርጥ የተጠቀመበት ፕሮግራም በእኛ ግምት ከሃያ የኮርስ ወረቀት የበለጠ ይመሰክራል። የጽሑፉን ምንጭ እንደ ጊትሃብ ባለ ሥፍራ ማስቀመጥም ይገባል፤ ሩቅ ያለ ቀጣሪ ሥራው እንዴት እያደገ እንደመጣ ከቀን ወደ ቀን ማየት ይችላል። በፋግታ ለኮማ ደከረንስ ተክሎ ከሰል የሚሸጠው ገበሬም፣ የቁጠባ ማኅበሩም እንዲሁ መዝገብ አላቸው።

ችግሩን ማቃለል አንፈልግም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ትምህርታቸው በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ወጣቶች ባሉበት ቆመዋል። ስለሆነም መስመር በሚኖርበት ጊዜ የፓይተንን መመሪያ አውርዶ ማስቀመጥ፣ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የሚያስችለውን ኪዊክስን መጫን ብልህነት ነው። ፓይተን በአሮጌ ኮምፒዩተርም ይሠራል። በስልክ መጀመር ይቻላል፤ በስልክ ረጅም ፕሮግራም መጻፍ ግን ዓይንንም ትዕግሥትንም ያደክማል።

ስለ ሥራው ገበያም እውነቱን እንናገር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር በትምህርት ማስረጃና በደረጃ የታሰረ ነው፤ ያለ ማስረጃ የሚገባበት በር ጠባብ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ መንገድ አለ፤ ከ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ወዲህ በልምድ ወይም በራስ ጥረት የተማረ ሰው ለሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ ለሚባለው፣ እንዲቀርብ ታስቧል። የሚገኘው ማስረጃ ዲግሪ አይደለም፤ ባዶ እጅ ከመሆን ግን የተሻለ ነው። በውጭው ዓለም እንደ ጉግልና አይቢኤም ያሉ ኩባንያዎች ለብዙ የሥራ መደቦቻቸው ዲግሪ መጠየቃቸውን ትተዋል፤ ሆኖም ዲግሪው ባይጠየቅም ተወዳዳሪው ብዙ ዲግሪ ያለው ነው። በዚህም ላይ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረውን ቀላል ሥራ በደቂቃ መጻፍ ጀምረዋል። ከእንግዲህ ወዲህ ዋጋ የሚኖረው ማሽኑ የጻፈውን አንብቦ «ጳጉሜን የት አለች?» ማለት የሚችል ሰው ይመስለናል።

አሁን ወደ ራሳችን ወገን፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እንመለስ። ወጣቱ ያለቀ ሥራ ይዞ ቢመጣ አንባቢው ማን ነው? በዞኑ ውስጥ ፕሮግራም አንብቦ መተቸት የሚችሉ ሰዎች በብዛት የሚገኙት በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። የኮምፒዩተር ክፍሎች ቅዳሜና እሑድ ተቆልፈው በሚውሉበት ግቢ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ወጣት አንድ ኮምፒዩተር አጥቶ ሲቸገር ማየት ለማኅበረሰብ አገልግሎት ቆመናል ለምንል ሰዎች አያምርም። የንብረት ጉዳት፣ የጥበቃ፣ የበጀት ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ግን አንድ ክፍል በሳምንት ግማሽ ቀን ለመክፈት የማይፈቱ አይደሉም። ይህን የምታነቡ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎችም ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ የአንድ ጎረቤታችሁን ፕሮግራም ለማንበብ የማንንም ፈቃድ አትጠብቁም።

የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ መምህርና ሁለት ከፍተኛ ዓመት ተማሪዎች በወሰነ ትምህርት አንድ ቀን ይቀመጡ፤ የፈለገ ወጣት፣ ዲግሪ ኖረውም አልኖረው፣ የጻፈውን ፕሮግራም ይዞ ይቅረብ፤ ፊት ለፊታቸው መስመር በመስመር ያስረዳ፤ እዚያው አንድ ነገር ለውጥ ሲባል ይለውጥ። የተሳካለት እንደሆነ በትምህርት ክፍሉ ማኅተም አንድ ደብዳቤ ይሰጠው፤ በደብዳቤውም ላይ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ተጠይቆ ምን እንደመለሰ፣ ያነበበውም መምህር ስም ይጻፍ። ያልተሳካለት ደግሞ ስሕተቱ ተነግሮት በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ይመለስ።