ለችግኙ በጎ ፈቃድ፣ ለሰነዱ ግን ደመወዝ!

ክረምት ሲገባ ለተማሪ የሚቀርበው ጥሪ አንድ ነው፦ በጎ ፈቃድ። ለችግኝ ተከላው ይሁን። ከሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን ዘመን የተረፈ የዓረብኛ ደብዳቤ አንብቦ መመዝገብና ከእርጥበት ማዳን ግን ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ ይከፈልበታል።

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ስለ ቤላ ሻንጉል ታሪክ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1981 ናፖሊ ታተመ። ዓረብኛ የሚያነብ፣ በርታኛ አፉን የፈታበት የአሶሳ ልጅ ታሪክ ለሁለተኛ ዲግሪ እየተማረ ክረምቱን ሱቅ ሲጠብቅ ይከርማል። ሰንፎ አይደለም፤ የቤት ኪራይ አለበት።

«በጀት የለም» ይባላል። ለዓውደ ጥናቱ አዳራሽ፣ ለባነሩና ለውሎ አበሉስ ከየት መጣ?

ወመዘክርና አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለአምስት ተማሪ ቢጀምሩት ይበቃል፦ የሐምሌና የነሐሴ ደመወዝ፣ የመንገድ ወጪ፣ በሚያዘጋጁት የሰነድ ዝርዝር ላይ ደግሞ የራሳቸው ስም።