ቅልቅል ቆሎ ስትቆሉ ጓያውን ለዩ

ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ሠራተኛም ከቀትር በኋላ ሆዱን ሲሞረሙረው፣ እስከ ራት የሚያቆይ አንድ የሚቀመስ ነገር መፈለጉ አይቀርም። ብስኩትና ከረሜላ ገዝቶ መስጠት የቀለለ ቢመስልም፣ የወሩ ወጪ ሲደመር ቀላል አይደለም፤ ጥቅሙም ከስኳርና ከዱቄት ብዙም አያልፍም። ስለሆነም በዚህ ሳምንት የምናቀርብላችሁ በአገራችን ቆሎና በህንዶች አሠራር መካከል ያለ፣ በቤት የሚሰናዳ ቅልቅል ቆሎ ነው።

ህንዶች «ቺቭዳ» የሚሉት ከሻይ ጋር የሚቀርብ ምግብ አላቸው። ተዳምጦ የደረቀ ሩዝ፣ የተቆላ ሽምብራ፣ ለውዝና ቅመም በአንድነት የሚደባለቁበት ነው። ብዙዎቹ በዘይት ይጠብሱታል፤ እኛ የመረጥነው ግን በደረቅ ምጣድ የሚቆላውን ነው። ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ እህሉ እንግዳ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው በወረታ በኩል ሲያልፍ ግራና ቀኝ የሚያየው የፎገራ ሜዳ ሩዙንም ሽምብራውንም ያበቅላል። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያለብሱት ይህ ረግረጋማ መሬት ሩዝን የለመደው በደርግ ዘመን፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በሰጡት እገዛ ነበር። ዛሬ ወረታ የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ገበሬው ሩዙን ካነሣ በኋላ መሬቱ ባዘለው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል።

ሩዝና ሽምብራ አብረው መሆናቸው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ሰውነትን ከሚገነቡት የፕሮቲን ክፍሎች ሩዝ የሚያንሰውን ሽምብራ ይዞታል፤ ሽምብራ የሚያንሰውን ደግሞ ሩዝ ያሟላል። ሥጋና እንቁላል በየቀኑ ለማይገኝበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለአንድ ቤተሰብ 3 ኩባያ ሽምብራ፣ 2 ኩባያ ሩዝ፣ 1 ኩባያ ለውዝ፣ ግማሽ ኩባያ የተፈለፈለ ሱፍ ይበቃል። ለቅመሙ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ጥቂት ነጭ አዝሙድ፣ ጨውና ሚጥሚጣ እንደ ቤቱ ልማድ። ህንዶች የሚጨምሩትን የካሪ ቅጠል ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም፤ የደረቀ በሶብላ ጥሩ ሽታ ይሰጠዋል።

የመጀመሪያው ሥራ ለቀማ ነው። ሽምብራውን በሰፌድ አበጥራችሁ በብርሃን ፊት ልቀሙት። የሽምብራ ፍሬ ድብልብል ሆኖ በአንድ ወገን እንደ ምንቃር ሹል ይላል። የጓያ ፍሬ ግን ጠፍጠፍ ያለና ጠርዝ ያለው፣ እንደ ሽብልቅ ወደ አንድ ጎን የቀጠነ፣ ብዙ ጊዜም ግራጫና ዝንጉርጉር ነው። ጓያ የሆነውን አውጡ። ተከክቶ ወይም ተፈጭቶ ከተገዛ ግን መለየቱ እጅግ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ሽምብራ ሲገዛ በፍሬው ቢሆን ይመረጣል።

ይህን አጥብቀን የምናሳስበው ያለ ምክንያት አይደለም። ጓያ ድርቅንም ውኃ የቋጠረ መሬትንም የሚችል፣ ሌላው እህል ሲጠፋ የማይጠፋ፣ ዋጋውም የሚቀንስ ሰብል ነው። ነገር ግን በውስጡ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለው። በችግር ጊዜ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል፤ የሽመደመደውም እግር ወደ ቀድሞው አይመለስም። በአገራችን እንፋሎቱ ወይም ገለባው ነው የሚጎዳው የሚል እምነት አለ። የሚጎዳው ግን የሚበላው ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በወሎ በደላንታ ዳውንት ከድርቅ በኋላ በሽታው ብዙ ሰው አሽመድምዷል። በዚያው ስፍራ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት የበሉት ሰዎች ይበልጥ መጎዳታቸውን አሳይቷል። ህንዶችም ቢሆኑ «ከሳሪ» የሚሉትን ይህንኑ እህል እ.ኤ.አ. በ1961 በአብዛኛው አገራቸው እንዳይሸጥ ከልክለውት ነበር።

እዚህ ላይ ማንንም ማስደንገጥ አንፈልግም። አንድ ጊዜ ከእፍኝ ቆሎ ጋር የገባች የጓያ ፍሬ ሰው አታሽመደምድም። ነገር ግን ምጣድ መርዙን ጨርሶ አያጠፋውም። ጓያ ከመብላት በቀር ምርጫ የሌለው ቤት በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን ቢደፋና ከሌላ እህል ጋር ቢያቀላቅለው መርዙ ይቀንሳል። ምርጫ ላለው ቤት ግን ልጆች በየቀኑ በሚቆረጥሙት ቆሎ ውስጥ ጓያ የሚገባበት ምክንያት አይታየንም።

ወደ ምጣዱ እንመለስ። የተለቀመው ሽምብራ ታጥቦ፣ ጥቂት ጨው በተጨመረበት ውኃ ሌሊቱን ተነክሮ ያድራል። ጠዋት ውኃው ተደፍቶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይሰጣል፤ ላዩ ሲጠፈፍ በብረት ምጣድ ላይ በመካከለኛ እሳት ይቆላል። እሳቱ ከበረታ ላዩ ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ማማሰያውን ሳያቋርጡ ማመላለስ ነው፤ ልጣጩ መሰንጠቅ ሲጀምርና አንዱ ሲቆረጠም ፍርክስ ሲል ደርሷል።

ሩዙ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። በጨው ውኃ ተቀቅሎ፣ ሳይላቁጥ ወጥቶ፣ ፍሬ ፍሬው ተለያይቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅና ሲነከስ ቀጭ ሲል በጣም በጋለ ምጣድ ላይ በእፍኝ በእፍኝ እየተጨመረ ይቆላል። በሴኮንዶች ውስጥ ያብጣል፤ ወዲያው ካልወጣ ያራል። ካላበጠ ወይ ምጣዱ አልጋለም፣ ወይ ሩዙ ገና እርጥብ ነው። ለውዙና ሱፉ ለየብቻ በለስላሳ እሳት ይቆላሉ። የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የመረረ ለውዝ ይጣል፤ የሻጋታው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ቢቆላም አይለቅም።

በመጨረሻ ዘይቱ በምጣዱ ላይ ሞቅ ይደረግና አዝሙዱ፣ እርዱ፣ ሚጥሚጣውና በሶብላው ለአፍታ ተነስንሶ፣ ምጣዱ ከእሳት ወርዶ ቆሎው ሁሉ ይገለበጥበታል። ጨው ሲጨመር ሽምብራው አስቀድሞ ጨው የቀመሰ መሆኑ አይረሳ።

ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን በፍሬው አይሰጥ፤ ሽምብራም ሆነ ለውዝ ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ያፍናል። ለእርሱ ተወቅጦ በገንፎው ላይ ቢነሰነስ ይሻላል። ቆሎ ያለ ቡና አይበላም የምትሉ እናቶች ደግሞ ቅር አይበላችሁ፤ ቡናና ሻይ ሰውነት ከጥራጥሬ የሚያገኘውን የብረት ማዕድን ያሳንሱበታል። ነፍሰ ጡር እናትና በማደግ ላይ ያለች ልጃገረድ ቆሎውን ከብርቱካን ጋር ቢበሉ፣ ወይም ሎሚ ጠብ አድርገውበት ቢቆረጥሙ፣ ቡናውንም ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጡ ይመረጣል።

ቆሎው ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አይከደን፤ እንፋሎቱ ያለዝበዋል። ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ተደርጎ ከምድጃ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ አሥራ አምስት ቀን ያህል ሳይለዝብ ይቆያል፤ ሩዙ ቀድሞ ከለዘበ ምጣድ ላይ መለስ ማድረግ ነው።