የወተት ፍየል ለምታረቡ ሁሉ ማሳሰቢያ፦ የዳቦ እርሾ የፍየል መኖ አይደለም

ከመርካቶ መኖ እየገዛችሁ በግቢያችሁ ወይም በከተማው ዳርቻ የወተት ፍየል ለምታረቡ ወገኖች በሙሉ፦

ሕያው እርሾን ከመኖ ጋር መስጠት በብዙ አገር የታወቀ ዘዴ ነው። እርሾው በፍየሏ ትልቅ ጨጓራ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ኦክስጂን ይሻማል፤ ኦክስጂን የማይስማማቸው፣ ድርቆሽና ጭድ የሚፈጩ ባክቴሪያዎች ይበረታሉ፤ የጨጓራው አሲድም ይረጋጋል። ይህን የሚሠራው ግን ለእንስሳት ተብሎ የተመረጠ እርሾ ነው። የዳቦ እርሾ የዚያው ዝርያ ቢሆንም የተመረጠው ሊጥ እንዲያነሣ ነው፤ ያንኑ ሥራ ይሠራል ብላችሁ አትመኑት።

ከሁሉ የከፋው እርሾውን በዱቄትና በስኳር አቡክቶ ማብላት ነው። ሊጡ ሆድ ውስጥም መቡካቱን አያቆምም፤ ጋዙ ሆዷን ይነፋል፣ አሲዱና አልኮሉ ወደ ደሟ ይገባል። ፍየሏ ማመስኳት ካቆመች፣ ግራ ጎኗ ከተወጠረ፣ ጥርሷን ካፋጨች ወይም ከተንገዳገደች ዱቄትና እህል ከፊቷ አንሡ፤ ሳታሳድሩ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

ስትገዙ እነዚህን አትርሱ፦

• ከትልቅ ጆንያ ተቀንሶ በፌስታል የታሰረ እርሾ አትቀበሉ።
• ማሸጊያው ላይ አምራቹ፣ ለየትኛው እንስሳ እንደተዘጋጀ፣ በግራም ስንት ሕያው ሕዋስ እንዳለውና የሚያበቃበት ቀን መጻፍ አለባቸው።
• ሙቀትና እርጥበት እርሾን ይገድላሉ። ፀሐይ ላይ የዋለውን አትግዙ፤ በፈላ ውሃም አትበጥብጡት።
• የመኖ ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 728/2004 የተደነገገ ነው፤ ምርቱ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ።

እርሾ የተበላሸ መኖን አያድንም። በ2008 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ በተሰበሰቡ 110 የላም ወተት ናሙናዎች ሁሉ ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል፤ አብረው ከተመረመሩት መኖዎች ይበልጥ የተበከለው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ፍየልም የተበከለ ፋጉሎ ከበላች መርዙ በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። የፍየል ወተት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠጣው በቤት ውስጥ ነው፤ ከጠጪዎቹም መካከል ሕፃናት አሉ።

ስለዚህ ገንዘባችሁን በቅድሚያ ለንጹሕ ድርቆሽ፣ ላልሻገተ ፋጉሎና ለንጹሕ ውሃ አውሉ። እርሾ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ፣ በእንስሳት ባለሙያ ምክር ብቻ ነው።