ስለ ኦርኪድ አበባ አያያዝ

ኦርኪድ የምትባለውን አበባ ገዝቶ ወደ ቤት ማስገባት፥ ወይም ለወዳጅ ማበርከት፥ ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን ብዙ ሰዎች በገዟት በጥቂት ወራት ውስጥ ትሞትባቸዋለች። የምትሞተውም ሁልጊዜ በቸልታ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እንክብካቤው ሲበዛባት ነው እንጂ። ማርም ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፥ ዕለት ዕለት የሚያጠጣት እጅ እርሱ ራሱ ይገድላታል። ስለዚህ አንባቢዎቻችን አገሯንና ጠባይዋን አስቀድመው ቢያውቁ መልካም መስሎ ስለ ታየን ጥቂት ቃል እንጽፋለን።

የኦርኪድ ወገን እጅግ ብዙ ነው፤ የእጽዋት ሊቃውንት ከ25,000 የሚበልጡ ዓይነቶችን ቆጥረዋል። በአገራችንም በደቡብ ምዕራብ ደኖች ውስጥ በዛፍ ላይ የሚበቅሉ አሉ። በገበያ አዘውትራ የምትገኘው ግን ፋላኖፕሲስ የምትባለው ናት። ይህን ስም ብሉሜ የተባለ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1825 ዓመት አወጣላት፤ ትርጓሜውም ከግሪክ ቋንቋ የእሳት ራት መሳይ ማለት ነው። የተፈጥሮ አገሯ እንደ ፊሊፒንስና እንደ ኢንዶኔዥያ ያለ ሙቀትና እርጥበት የበዛበት ደን ነው። በዚያም በመሬት ሳይሆን በዛፍ ግንድ ላይ ተጣብቃ ትኖራለች፤ ሆኖም ከዛፉ መቀመጫ ብቻ ታገኛለች እንጂ ምግቡን አትቀማውም። ሥሯ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ዝናም ሲዘንም ይጠጣል፥ ወዲያውም ይደርቃል።

እንዲህ ያለው ሥር ዘወትር በውሃ ቢነከር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ሥሩ ሲበሰብስ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም የጠማት መስሎት እንደ ገና ይጨምርባታል፤ ይህም ፍጻሜዋ ይሆናል።

ስለዚህ የማጠጫ ጊዜዋን የሚናገረው ሥሯ ነው። ሥሩ ብርማ መልክ ሲይዝ ጠምቷታል፤ አረንጓዴ ሲሆን ገና አልጠማትም። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃታል። ሲያጠጧትም በጧት ለብ ያለ ውሃ በሥሯ ላይ በደንብ አፍስሶ፥ በሳህኑ የተጠራቀመውን መድፋት ይገባል። በቅጠሎቿ መካከል የቀረው ውሃ ልቧን እንዳያበሰብሰው በጨርቅ ይጠረግ። በቤት ውስጥ ብዙ ሰው ሲኖር አንዱ ያጠጣትን ሌላው ሳያውቅ እንዳይደግም፥ ሥራው ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ። የምትተከልበትም የአትክልት አፈር ሳይሆን የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ይሁን፤ እርሱም ሲያረጅ ስለሚበሰብስ በየ2 ዓመቱ ያህል ይለወጥ።

ስፍራዋ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ይሁን፤ የቀትር ፀሐይ ግን ቅጠሏን ያቃጥላልና በስስ መጋረጃ ይከለል። ቀን ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ይስማማታል፤ ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን ትጎዳለች። ስለዚህ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከመስኮቱ መስታወት ማራቅ ያስፈልጋል። የበሰለ ሙዝና ፖም ካለበት ጠረጴዛ ላይም አትቀመጥ፤ ከፍሬው የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ እንቡጧን ያረግፋልና።

አበባዋ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ሲረግፍ ብዙዎች ሞተች ብለው ይጥሏታል። ቅጠሏ ጠንካራ፥ ሥሯም ጤነኛ ከሆነ ግን አርፋለች እንጂ አልሞተችም። ያን ጊዜ አበባ የተሸከመውን ዘንግ ከታች ቆጥሮ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው አንጓ በላይ በንጹሕ መቀስ መቁረጥ፥ ፈጽሞ ከደረቀም ከሥሩ ማንሣት ነው። ከዚያም አዲስ ቅጠል ስታወጣ በውሃ የቀጠነ ማዳበሪያ ይሰጣት። ሌሊቱ ለጥቂት ሳምንታት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቀዝቀዝ ሲልላት አዲስ ዘንግ ታበቅላለች። በዚህ አኳኋን የተያዘች ኦርኪድ ብዙ ዓመት ትኖራለች፥ ደጋግማም ታብባለች።

እንግዲህ አበባዋ የረገፈባችሁ ሁሉ ተክሊቱን ከመጣላችሁ አስቀድሞ ቅጠሏንና ሥሯን እንድትመረምሩ እናሳስባለን።