ዝንጀሮ ሳነሳ ሚስቴን ረሳሁ



አንድ የ61 ዓመት ጡረተኛ አባት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «በወጣትነቴ ፎቶ ማንሳት እወድ ነበር። ዛሬ ካሜራ ልግዛ ብል ልጆቼ ሳቁብኝ። ምን ይመክሩኛል?»

ጌታዬ፣ በእኔም ተስቆብኛል። ድሮ አንዲት ዜኒት ካሜራ ነበረችኝ። በ1983 ዓ.ም የመጀመሪያ ልጄ ስትታመም ሸጥኳት። ልጅቷ ዳነች፣ ተመስገን። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ፎቶ ማንሳትን እርም አልኩ።

ጡረታ ወጥቼ ቤት ስውል ከባለቤቴ ጋር መነታረክ ሆነ ሥራዬ። ሽሮው ጨው በዛበት፣ በሩ አልተዘጋም... ያቺው ልጄ ናት ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ አምጥታ «አባዬ፣ እስቲ ውጣልን!» ያለችኝ።

ወጣሁ። ደብረ ሊባኖስ ሄድኩ፤ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ አፋፉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አሉ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም ዱር አይገኙም። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራሉ፤ ጠዋት ወጥተው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። የመጀመሪያ ቀን ያነሳሁት በሙሉ የዝንጀሮ ጀርባ ነበር፣ እሱም ደብዛዛ! በፊልም ዘመን ቢሆን 36ቱንም ፎቶ ቤት ከፍዬ አሳጥቤ አለቅስ ነበር። ዛሬ ግን ማጥፋት ነው፣ አለቀ።

ምክሬ ይኸው። ውድ ካሜራ አይግዙ፤ ያገለገለ ይበቃል። ለዱር እንስሳ ግን ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ያሻል፤ 300 ሚሊ ሜትር ካገኙ መልካም ነው። እንስሳው ሲንቀሳቀስ ፍጥነቱን ከ1/500 ሰከንድ አያዘግዩት። ፎከሱን ዓይኑ ላይ ያድርጉ። ማልደው ይውጡ፤ የቀትር ፀሐይ ፊት ያጠቁራል። ዳቦና ሙዝ አይወርውሩ። ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይዎ መሳቁ አይደለም፤ ራቅ ይበሉ።

በአራተኛው ጉዞዬ አንድ ደህና ፎቶ ቀናኝ፤ እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ። እየተኩራራሁ ለባለቤቴ አሳየኋት። ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «ዝንጀሮዋ እንኳን ከልጇ ጋር ፎቶ አላት» አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ማታ ተኝቼ ነው። የመጀመሪያዋን ልጅ ታቅፋ አንስቻታለሁ። ካሜራዋ ከተሸጠች በኋላ ከተወለዱት ሁለቱ ጋር ግን እናታቸው አንድም ፎቶ የላትም። ያ ዘመን ደግሞ ተመልሶ አይነሳም።

በማግስቱ ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ቡና ስትቆላ አነሳኋት። «ነጠላ እንኳን ሳልለብስ!» ብላ ጮኸችብኝ። ፎቶውን ግን ራሷ አሳጥባ ሳሎን ሰቀለችው። ስለ ሽሮው ጨውም ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

እንግዲህ ጌታዬ፣ ካሜራውን ይግዙ፤ ልጆቹም ይሳቁ። ዝንጀሮዎቹ ጋ ከመሄድዎ በፊት ግን ከቤትዎ ይጀምሩ።

የሳምንት ሰው ይበለን!