ሽንኩርት ሲረክስ ሸማ ይደርሳል፤ ባህልና ጥበብ በይፋት ቆላ ልማት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ሸዋሮቢት ስትነሳ፣ ቀድመው የሚታወሱት በመስኖ የሚለሙት ሽንኩርትና ቲማቲም እንዲሁም ማሾ ናቸው። የይፋት ቆላ ልማት ሲታቀድም ትኩረቱ በውኃ፣ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ላይ ያርፋል። ባህልና ኪነ ጥበብ ግን በአብዛኛው የሚታወሱት የበዓል መድረክ ሲዘጋጅ ነው። ይህ አተያይ የገጠሩን ቤተሰብ አንድ የገቢ ምንጭ ያሳጣዋል።

ሽንኩርት በአንድ ሰሞን ከየማሳው ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ብዙ ስለማይቆይ አምራቹ ባገኘው ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ሸማ ግን አይበሰብስም፤ ገዢ እስኪመጣ ይጠብቃል። በይፋት ለዘመናት የኖረው የአርጎባ ማኅበረሰብ በሽመናና በንግድ ይታወቃል። ጎረቤት መንዝም የበግ ፀጉር ፈትሎ ባና ይሠራል። ሙያው አለ፤ የጎደለው ሙያውን ከገበያ የሚያገናኝ አሠራር ነው።

በክልላችን ለዚህ ማሳያ የሚሆነው በ1964 ዓ.ም. በፎገራ የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ነው። የእርሻ መሬቱ ጠባብ በመሆኑ ፊቱን ወደ ሽመና አዞረ፤ ሴቱም ወንዱም በሸማኔ ዕቃ ላይ ተቀመጠ። ከጋራ ሥራው በሚገኘው ገቢም አረጋውያንንና ሕሙማንን ይደግፋል። መሬት ለጠበባቸው የይፋት ወጣቶች ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሽመና ውጤታማ የሆነው ሙያው ስለተወደሰ ሳይሆን በማኅበር ስለተደራጀ ነው።

የባህል ፋይዳ በገቢ ብቻ አይለካም። በደቦ የሚዜመው የሥራ ዜማ የብዙ ሰዎችን ጉልበት በአንድ ምት ያስተባብራል። የእርከን ሥራም ሆነ የመስኖ ቦይ ጠረጋ የሚጸናው ሰው በትእዛዝ ብቻ ሳይሆን በራሱ ወግ ሲሰባሰብ ነው።

በይፋት ተዳፋት ላይ የሚገኙት እንደ ኖራና አስበሪ ያሉ የመካከለኛው ዘመን ከተሞች ፍርስራሾች ደግሞ የአካባቢውን ጥንታዊ የንግድ ታሪክ ይመሰክራሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ሆኖም ነዋሪው ከቅርሱ ካልተጠቀመ፣ ጥበቃው በወረቀት ላይ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰላም አለ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና አካባቢው የደረሰው ውድመት፣ ለዓመታት የተገነባ ሀብት በቀናት ሊጠፋ እንደሚችል አሳይቷል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙበት ገበያና የሽምግልና ወግ ካልተጠበቀ፣ ቦዩም ማሳውም ዋስትና የላቸውም።

ስለዚህ የወረዳ ዕቅዶች ለሸማኔው የድርና ማግ አቅርቦትንና ብድርን፣ በሸዋሮቢት ጎዳና ዳር ደግሞ ቋሚ የመሸጫ ቦታን ሊያካትቱ ይገባል። ባህል ከመድረክ ወርዶ በጀት ውስጥ ሲገባ ልማቱ ሥር ይሰድዳል።