አደይን አይተን እንሳል
(አስተያየት፤ ከ7ኛ «ለ» ክፍል)



እኛ ወንዶች ለእንቁጣጣሽ የአበባ ስዕል ይዘን በየቤቱ እንደምንዞር ታውቃላችሁ። እኔ ከኬጂ ጀምሮ አንድ ዓይነት አበባ ነው የምስለው። አምስት ክብ ክብ ቅጠል፣ መሀሉ ላይ አንድ ክብ፣ ከሥር ቀጥ ያለ ግንድ፣ አለቀ። ዘንድሮም 20 ሉክ ስዬ ወጣሁ። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እማማ ስዕሌን ተቀብለው አዩና «ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። «አደይ አበባ ነዋ!» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «አደይ እንዲህ ናት? ለመሆኑ አይተሃት ታውቃለህ?» አሉ። ብሩንስ ሰጡኝ፤ ጥያቄያቸው ግን ሲከነክነኝ ዋለ።

እውነቱን ለመናገር፣ በአጠገቧ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ ቀጥፌያትም አውቃለሁ፣ ግን ቁጭ ብዬ አይቻት አላውቅም።

ትምህርት ሲከፈት በእረፍት ሰዓት እርሳስና ሉክ ይዤ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አጥሩ ሥር ሄድኩ። እዚያ አደይ በሽ ነው። መጀመሪያ ቢጫዎቹን ቅጠሎች ቆጠርኩ። አብዛኞቹ አበቦች ላይ 8፣ አንዷ ላይ 7 ሆኑ። አምስት የሚባል የለም! ክብም አይደሉም፤ ረዘም ያሉ ናቸው፣ ላያቸው ላይም ቀጫጭን መስመር አለ። መሀሉ ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ? እኔ አንድ ክብ የማደርገው ነገር የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ነው። ዳር ዳር ያሉት ፈክተዋል፣ መሀል ያሉት ገና እንቡጥ ናቸው። አረንጓዴው ቅጠሏ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ደግሞ የተተለተለ ነው። እሱን ለመሳል ስስል ሳጠፋ፣ ስስል ሳጠፋ ሉኩ ተቀደደ።

ከጎኗ ሌላ ቢጫ አበባ ነበር። እሱንም አደይ ብዬ ጀምሬው ቅጠሉ ጋ ስደርስ አልገጥም አለኝ፤ ምንም አልተተለተለም። ቤት ወስጄ ለአባቴ ሳሳየው «ይሄማ መጭ ነው» አለኝ። ባልስለው ኖሮ ልዩነቱን መቼ አውቅ ነበር?

ጓደኛዬ ግን «ምን አደከመህ፣ በሞባይል ፎቶ አታነሳም?» ይለኛል። ፎቶ ጥሩ ነው፤ ግን ጠቅ አድርጌ ብሄድ ኖሮ 8 መሆናቸውን አልቆጥርም ነበር። የሀገራችንን ዕፅዋት የያዘው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» የተባለው መጽሐፍ 8 ጥራዝ ነው። ካሜራ እያለ፣ ብዙ ዕፅዋት በእጅ በጥቁር መስመር ተስለውበታል። ስዕል ላይ አበባውን፣ ቅጠሉንና ፍሬውን ለየብቻ አንድ ገጽ ላይ ማሳየት ይቻላል፤ ፎቶ ግን በዚያች ደቂቃ የነበረውን ብቻ ነው የሚይዘው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የክወናና ዕይታ ጥበባት መምህራችን፣ አበባ ከሰሌዳ ከምንገለብጥ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳን ውጭ ያውጡን። ብዙ ስለሆንን እንደምንረብሽ አውቃለሁ፤ በየተራም ቢሆን ይሁን።

ሁለተኛው የሚያሳስበኝ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የጽዳት ዘመቻ እንዳለ በሰልፍ ላይ ተነግሮናል። አምና በዘመቻው ያ የአጥር ሥር ሙልጭ ብሎ ታጭዶ ነበር፤ እኔም ካጨዱት አንዱ ነኝ። የጥበቃ አባባ «ሣሩ እባብ ያመጣል» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። እንግዲያው መንገዱ ዳር ያለው ይታጨድ፤ ከታንከሩ እስከ ጥጉ ያለው ግን ዘሩ እስኪረግፍ፣ እስከ ኅዳር ይቆይልን። ዘሯ ሳይረግፍ ከታጨደች ለከርሞ ምን ይበቅላል?

እስከዚያው አርብ በምሳ ሰዓት እዚያው ታንከሩ ጋ እገኛለሁ። መሳል የምትፈልጉ እርሳስና ሉክ ይዛችሁ ኑ፤ የሳላችሁትን ሚኒ ሚዲያ ክበባችን ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ላጲስ ያላችሁም ያዙ፣ የኔ አልቋል።